«ተመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፣ ሐሙስ ቀን። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ተነስቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስወጣ ጭኔ ላይ 24 ወረቀት ታቅፌ ነበር። ፎቶ ኮፒው ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ድባቴን የሚለዩ 15 ጥያቄዎች አሉ፤ ከጎኑ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች። 24 አረጋውያን፣ 24 ወረቀት። ለአንድ ሰው ቢበዛ 10 ደቂቃ። እስከ ምሳ ጨርሼ፣ ከሰዓት ፒያሳ ሻይ እጠጣለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ሻዩ ቀረ። ወረቀቱም ያን ቀን የነገረኝ ነገር አብዛኛው ስህተት ነበር።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ሐሙስ ዕረፍቴ ስለሆነ ደሴ ወዳለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ በበጎ ፈቃድ እሄዳለሁ። የመጦሪያውን ስም አልጽፍም። የነዋሪዎቹንም ታሪክ ማንም እንዳይለያቸው እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተነሳ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። የዚያን ቀንም ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ሹራብ ረስቻለሁ።

ግቢው ቀላል ነው። ሁለት ረጃጅም ክፍሎች አሉ፣ አንዱ የወንዶች አንዱ የሴቶች። አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል። በሁለት አልጋ መካከል አንዲት ኮመዲኖ ብቻ ናት ያለችው። አንዱ ሲያስል ሌላው ይነቃል። ከማድ ቤቱ አጠገብ ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ የምታርፍበት የድንጋይ መቀመጫ አለ። ይህን መቀመጫ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ወረቀቱ ትንሽ ልበል። ይህ የአረጋውያን የድባቴ መለኪያ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄሮም ዬሳቬጅና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ሲወጣ 30 ጥያቄ ነበረው፤ በ1986 ወደ 15 አጠረ። ክፍያ የለውም፣ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል። መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ስለሆነ ለደከመ ሰው ይቀላል። አንድ የምወድለት ነገር ደግሞ አለ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ሰውነት ድካም ብዙ አያደርቅም። 80 ዓመት የሞላው ሰው ሌሊት አራቴ ቢነሳ ከፊኛው ይሁን ከሐሳቡ በምን ይታወቃል? ስለዚህ የሚጠይቀው ስሜትን ነው። በሕይወትዎ ረክተዋል? ሕይወት ባዶ ይመስልዎታል? ክፉ ነገር ይደርስብኛል ብለው ይሰጋሉ? ከ15ቱ 5 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ከመጣ ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። 10 ካለፈ ደግሞ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። የምርመራ ውጤት ግን አይደለም፣ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሐኪም ያየዋል።

በወንዶቹ ክፍል ጀመርኩ። መስኮቱ ስር ያሉት አባባ ዘንድ ሄድኩና ወንበር ሳብኩ።

«አባባ፣ ዛሬ ስለ ድባቴ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ዱባ?»

«ድባቴ።»

«ዱባማ ትናንት በልተናል። ጨው በዝቶበት ነበር።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ጥፋቱ የጆሮ ብቻ አልነበረም። «ድባቴ» የእኛ ቃል ነው፤ የሥልጠና፣ የሬዲዮ፣ የፖስተር። እዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ቃል ከእኔ በቀር የተናገረው ሰው የለም። እነሱ ከፋኝ ይላሉ። ሆድ ባሰኝ። ድብት አለኝ። ዓለም አስጠላኝ። ልቤ ፈሰሰ። ነፍሴ ተጨነቀች። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል «ራሴን ይዞኛል» ብሎ ሻሹን ያጠብቃል።

ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። መልሱም ቀጠለ።

በሕይወትዎ ረክተዋል? «ተመስገን።» አብዛኛውን ጊዜ ደስተኛ ነዎት? «አልሐምዱሊላህ።» በሕይወት መኖር ጥሩ ነገር ነው ይላሉ? «የእሱ ስጦታ አይደል፣ እምቢ ይባላል?» ያሉበት ሁኔታ ተስፋ የሌለው ይመስልዎታል? እዚህ ላይ አንድ ሼህ ተቆጡኝ። «ከአላህ እዝነት ተስፋ አይቆረጥም፣ ልጄ። እንዲህ ያለውን ነገር ማነው ያስጻፈሽ?» ከጎናቸው ያሉት መሪጌታ በአንገታቸው አረጋገጡላቸው። በዚህ ጉዳይ ልዩነት የላቸውም።

ዘጠነኛው ጥያቄ ደግሞ አለ። ወጣ ብለው አዲስ ነገር ከመሥራት ይልቅ ቤት መቀመጥ ይመርጣሉ ወይ ይላል። አንድ አዛውንት ዝም ብለው አዩኝ፣ አዩኝና «ቤት? የቱ ቤት?» አሉኝ። ሁለቱንም ሳጥን ባዶ ትቼ አለፍኩ። እስካሁን ያ ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል።

እኔ «ተመስገን»ን «አዎ፣ ረክቻለሁ» ብዬ እየሞላሁ ሄድኩ። ሌላ ምን ላድርግ? «ተመስገን» የሚል ሳጥን የለ። ሰባት ሰዓት ላይ ስደምር ከሦስት ከአራት ሰው በቀር ሁሉም ከ5 በታች ሆኑ። ደሴ ውስጥ ያለ የደስተኞች ግቢ። ያንን ውጤት ለሪፖርት ብልከው ማንም «ጎሽ» ባለኝ ነበር።

ከፍተኛ ነጥብ ካመጡት አንዱ የመስኮቱ አባባ ነበሩ። 10። ወዲያው ሪፈር መጻፍ ጀመርኩ።

ማድ ቤት ገብቼ ውሃ ስጠጣ ምግብ የምትሠራዋ ሴት ወረቀቱን በክርኗ እያመለከተች «ምን ወጣልሽ?» አለችኝ። እጇ ሊጥ ነበር። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ አረጋውያኑ ሁሉ እቴቴ ስለሚሏት እኔም እቴቴ እላታለሁ። ስም የሙያ ምሥጢር መሆኑን ነግሬያት በጥቅሉ «ሦስት አራት ሰው ነው የከፋው፤ አንዱ መስኮት አካባቢ ነው» አልኳት። ምሥጢር መጠበቄ ይህን ያህል ነው።

«እሳቸው? እሳቸው እኮ አይሰሙም። የጠየቅሻቸውን ሁሉ አዎ ነው የሚሉሽ።»

ወረቀቱን መልሼ አየሁት። አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ከላይ እስከ ታች 15 አዎ። ከ15ቱ ጥያቄ በአሥሩ «አዎ» ማለት አንድ ነጥብ ነው፣ በአምስቱ ደግሞ «አይ» ማለት ነው ነጥቡ። ስለዚህ ምንም ሳይሰማ ለሁሉም አዎ ያለ ሰው ልክ 10 ያመጣል። ለሁሉም አይ ያለ 5። ይህን ሒሳብ ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። የለካሁት ሐዘን ሳይሆን የጆሮ ኩክ ነበር።

«ያዘኑት እሳቸው አይደሉም» አለች እቴቴ። «የእማማን እንጀራ ሦስት ቀን ሙሉ ድመቷ ናት የምትበላው። የእማማን ነጥብ አሳይኝ።»

እማማ የምትላቸው በሴቶቹ ክፍል በር ላይ የሚተኙትን ነው። እኔ «ተጫዋቿ እማማ» ነበር የምላቸው። ጠዋት ስጠይቃቸው ክፍሉን ሲያስቁት ነበር። በሕይወትዎ ረክተዋል ስላቸው «እኔማ ንግሥት ነኝ! ሳይሠራ የሚበላ ንግሥት ካልሆነ ማን ነው?» ብለውኛል። ያዘወትሩት የነበረውን ሥራ ትተዋል ወይ ስላቸው «ምን የተውኩት አለ፣ ሥራዬ ቁጭ ነው፣ እየሠራሁ ነው» አሉኝ። ነጥባቸው 1 ነበር። እሷንም አንዷን ያገኘሁት የማስታወስ ችሎታ የሚለው ላይ ነው።

ያን ቀን ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሪፈሩንም ቀደድኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወረቀት ሳልይዝ ሄድኩ። ጥያቄዎቹን በቃሌ አጥንቻለሁ። ሰዎች ቡና ላይ ጠይቂ ብለው መክረውኝ ነበር፤ ወሎ አይደል፣ ቡና ላይ የማይወጣ ነገር የለም ብለው። ሞክሬዋለሁ። አይሆንም። ቡና ሸንጎ ነው። ዱዓው አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ አቦሉን የሚጠጡት አሥር ሰዎች አሉ። በዚያ መካከል «ሌሊት አለቅሳለሁ» የሚል ሽማግሌ አላየሁም። የሚሻለው የድንጋይ መቀመጫው ነው። ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡበት። ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሁለታችሁም ወደ ግቢው በር እያያችሁ ነው የምታወሩት። እንዲህ ሲሆን ያስቸገረው ነገር ራሱ ይወጣል።

ተጫዋቿን እማማ ፀሐይ እንሙቅ ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ምንም አወራን። ከዚያ «እማማ፣ ምግብ አልበላ አለዎት አሉ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ጣቶቻቸውን ያያሉ። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት አንድ ነገር እንደሚያሾር ሰው ይሽከረከራሉ። ባዶውን።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«እንዝርት ነዋ። እጄ አልተወውም።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈትለው ነው ልጆች ያሳደጉት። እዚህ ከገቡም በኋላ ይፈትሉ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣ። መጀመሪያ ክሩ ጎረበጠባቸው፣ ቀጥሎ ይበጠስ ጀመር፣ በመጨረሻ እንዝርቱን ፍራሽ ስር ከተቱት። ለማንም አልነገሩም። ጓደኞቻቸው ሰነፈች ብለው ነበር የሚያሟቸው።

«ታዲያ ያን ቀን ስጠይቅዎ ምነው ሳይነግሩኝ?»

የሰጡኝን መልስ ከሥልጠናዬ ሁሉ በላይ አስታውሰዋለሁ። «ልጄ፣ የሰው እንጀራ እየበሉ ከፋኝ ማለት ነውር ነው። ደግሞስ ‹ካልተስማማሽ ውጪ› ቢሉኝ የት እገባለሁ?»

ተመልከቱት። እኔ «በሕይወትዎ ረክተዋል?» ብዬ የጠየቅሁት እሳቸው ጆሮ ሲደርስ «በእኛ ላይ ቅሬታ አለዎት?» ሆኗል። ጥያቄውን የያዘው ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው፣ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ የአጠገባቸው አልጋም ይሰማል። በዚህ ላይ በመጦሪያ የሚኖር ሰው የሚበላውም የሚለብሰውም ከሰው እጅ ነው። ማን ነው ደፍሮ አይ የሚል? ፈረንጅ አገር የተሠራ መጠይቅ ውሸት አይደለም። ግን ያንን መጠይቅ የሚመልሰው ሰው ነገ የት እንደሚያድር እርግጠኛ ካልሆነ የሚመልሰው ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ አልጋው ነው።

ስለዚህ አሁን ከመጠየቄ በፊት ሦስት ነገር እናገራለሁ። የምትነግሩኝን ለአስተዳደሩ አልነግርም። ምንም ብትሉ ከዚህ አያስወጣችሁም። ከፋኝ ማለት ፈጣሪን ማማረር አይደለም። ሦስተኛውን ሼሁም መሪጌታውም ደግፈውልኛል፤ እንዲያውም ሼሁ አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ለወንዶቹ ራሳቸው ነገሩልኝ። «ተመስገን» ሲሉኝም አሁን አላልፈውም። «ተመስገን ይባላል። ከተመስገን በኋላስ?» እላለሁ። ብዙው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ተጫዋቿን እማማ በዚያ መቀመጫ ላይ እንደገና ስጠይቃቸው 1 የነበረው 9 ሆነ።

የመስኮቱን አባባ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ለሳምንት ያህል ጠብታ ሲደረግላቸው ከቆየ በኋላ ጆሯቸው ታጠበ። የወጣውን አልገልጽላችሁም። ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ራዲዮኑን ቀንስ ብለው ሾፌሩን ተቆጡት። ራሳቸው የድሮ ሾፌር ናቸው፤ ባቲን ወርደው፣ ሚሌን አቋርጠው፣ ተሳቢ ይዘው አሰብ ይመላለሱ ነበር፣ በ1990 ድንበሩ እስኪዘጋ ድረስ። ይህን ሁሉ ማንም አያውቅም ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው መልስ አያገኝማ።

እንደገና ጠየቅኋቸው። 6 አመጡ። ያኔ ነው እውነተኛው ነገር የወጣው። «ሰው ሲስቅ አያለሁ። በምን እንደሚስቁ አላውቅም። በእኔ ይመስለኛል። አንቺም የዚያን ቀን ስትስቂ አይቼሻለሁ።»

የዱባው ቀን። ምን ልበላቸው? ይቅርታ ጠየቅሁ። ጨው የበዛበት መሆኑን ግን እውነታቸውን ነው፣ እቴቴ አምናለች።

እቴቴ የምታደርገው ነገር ዘመናዊ ስም እንዳለው በኋላ ነው የገባኝ። አእምሯቸው በመርሳት በሽታ የተጎዳ አረጋውያን «ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበሩ» ቢባሉ ሊመልሱ አይችሉም። ለእነሱ ኮርኔል የሚባል ሌላ መለኪያ አለ፣ በፈረንጆቹ 1988 የወጣ። 19 ነጥቦች አሉት። ዋናው ነገሩ ግን በሽተኛውን ብቻ አይጠይቅም፤ በየቀኑ የሚንከባከበውን ሰው ይጠይቃል። ይበላል? ይቆጣል? ሌሊት ይነቃል? የሚወደውን ነገር ሲያይ ፊቱ ይፈታል? እቴቴ ይህን ሁሉ ከትሪ ታነባለች። ማን ሙሉውን እንደመለሰ፣ ማን ወጡን ብቻ እንደነካካ፣ ማን ለጎረቤቱ እንደሰጠ። አሁን ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደብተር ሰቅለናል። ሁለት ቀን ተከታትሎ የተመለሰ ትሪ ካለ የአልጋ ቁጥር ትጽፋለች። ፊደሏ የዶሮ ጭረት ነው፤ ግን ከእኔ ፎቶ ኮፒ የበለጠ ሰው ያገኘው ያ ደብተር ነው።

ስለ ጭንቀት ለብቻው ካልጻፍኩ ግን ይቆጨኛል። ሁልጊዜ በድባቴ ጥላ ስር ይረሳል።

የሴቶቹ ክፍል ጥግ ላይ ያሉ አንድ እናት አሉ። የድባቴ ነጥባቸው 3 ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ በመቀመጫው ላይ ስጠይቃቸውም 3። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይጸልያሉ። ግን ሌሊት ጫማ አድርገው ነው የሚተኙት። ኮንጎ ጫማ። ጽዳት የምትሠራዋ ልጅ አንሶላው ጭቃ በጭቃ ሆነ ብላ ሁልጊዜ ታማርራለች። «አመል ነው» ተብሎ ታልፏል። ትራሳቸው ስር ደግሞ አንዲት የታሰረች ጨርቅ አለች። ውስጧ ነጠላ፣ መታወቂያ፣ ትንሽ በሶ።

«እማማ፣ ለምን ጫማዎን አያወልቁም?»

«ጫማ ሲፈልግ የቆየ ሰው አያመልጥም።»

ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እሳቸው ከከተማው በእግር ነው የወጡት፣ የልጅ ልጅ አዝለው። የግቢው ብረት በር በነፋስ ሲላተም ልባቸው ይርዳል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። ለዚህ «የልብ በሽታ» ሦስት ጊዜ ሕክምና ሄደዋል። ልባቸው ደህና ነው ተብለው ነው የተመለሱት። በአረጋውያን ጭንቀት እንዲህ ነው የሚመጣው፤ ተጨነቅሁ ብሎ ሳይሆን ልቤን፣ ሆዴን፣ ትንፋሼን ብሎ።

ለጭንቀት የምጠቀመው 7 ጥያቄ ያለውን መለኪያ ነው። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን እንዲህ ሆኑ እያለ ይጠይቃል፤ ከፍተኛው ነጥብ 21 ነው፣ 10 ከደረሰ ይታያል። ችግሩ «ሁለት ሳምንት» ማለት ማንም አረጋዊ ጭንቅላት ውስጥ የለም። ስለዚህ ቀን ቀየርኩላቸው። ለክርስቲያኑ «ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም» እላለሁ፣ 15 ቀን ይሆናል። ለሙስሊሙ «ካለፈው በፊት ካለው ጁምዓ ወዲህ»። ወዲያው ይቆጥሩልኛል። ባለ ኮንጎዋ እናት 14 አመጡ። የድባቴውን ወረቀት ብቻ ይዤ ብሄድ ኖሮ ደህና ናቸው ብዬ አልፌያቸው ነበር።

መድኃኒት ከመታሰቡ በፊት ዘበኛው በሩ ላይ የከመነዳሪ ቁራጭ በሚስማር መታበት። አሁን በሩ ሲዘጋ ድምፁ ዱብ ብቻ ነው። የሳቃችሁ ካላችሁ አንድ ሌሊት እዚያ እደሩና ንፋሱን ስሙት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለመጻፍ የማይመች። «ሞት ረሳኝ።» ይህን ያላለ አረጋዊ አላውቅም። አያቴም ትለው ነበር፣ እየሳቀች። አብዛኛውን ጊዜ ወግ ነው። አንዳንዴ ግን ወግ አይደለም። 15ቱ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት አንድም ነገር አይጠይቅም። ሌላ ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መለኪያ አለ፤ እሱ ዘጠነኛው ላይ ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከራሴ እጨምራለሁ። «ሞት ቢመጣ ደስ ይለኛል ማለትዎ ነው፣ ወይስ በራሴ እጅ ላድርገው ብለው አስበው ያውቃሉ?» እንዲህ ነው የምጠይቀው፣ በግልጽ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። ብዙ ሠራተኛ የሚፈራው ይህንን ነው፤ እኔም እፈራ ነበር። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። አንድ ሰው ባለፈው ሚያዝያ ዝም ብለው ቆይተው «አስቤያለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ብቻቸውን አልተውናቸውም። በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰድናቸው። አሁን አሉ። ከዚህ በላይ ስለ እሳቸው አልጽፍም።

ጓደኞቼ ይህን ሥራ ሲሰሙ ወረቀቱን ላኪልን ይሉኛል። እልካለሁ። ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ከነጥቡ በኋላ ምን አላችሁ? የሚልኩለትን ሐኪም አስቀድመው ካላነጋገሩ፣ ተመልሰው የሚሄዱበት ሐሙስ ከሌለ፣ ጠይቆ መሄድ ቁስል ነካክቶ መሄድ ነው። ሐኪሙም ቢሆን ዝም ብሎ መድኃኒት አይጽፍም። የደም ማነስ አለ፣ እንቅርት አለ፣ ሕመም አለ፣ ለደም ግፊት የሚወሰደው ክኒን አለ፤ ሁሉም ሰውን ድብት ሊያደርግ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን በየቦታው ይገኛል፤ ለሽማግሌ ግን ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፣ ሌሊት ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ይጥላቸዋል። ፍሉኦክሰቲን የተጀመረላቸው ሁለት ሰዎች አሉን። እሱም ቢሆን ሳምንታት ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው ፍራሽ ስር የሚደብቁትን ክኒን የምታገኘው ያቺው የጽዳት ልጅ ናት።

ነጥቡ የት ላይ እንደሚቆረጥም ከአገር አገር ይለያያል። ጉራጌ ውስጥ ጤና ጣቢያዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ባለ ዘጠኙ መጠይቅ ውጭ አገር 10 ላይ የሚቆረጠው እዚያ 5 ላይ ሲቆረጥ ነው የተሻለ የለየው። ስሰማ አልገረመኝም። እኛ 5 ነጥብ ያህል ከፍቶን 10 ነጥብ ያህል «ተመስገን» እንላለን።

ተጫዋቿ እማማ የዓይን ሞራቸውን በግንቦት ተሠሩ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት እቴቴን ነው። «እንዲህ ወፍራም ነሽ እንዴ?» አሏት። ምግቡ ተሻሽሏል፣ ሙሉ ግን አይደለም፤ የድመቷ ድርሻ ግማሽ እንጀራ ሆኗል። ነጥባቸው 4 ነው። ከአራቱ አንዱ የልጆቻቸው ነገር ነው፣ እሱን እኔ አልፈውሰውም፤ እሳቸውም አያወሩበትም፣ እኔም አላስገድድም።

እንዝርቱ ከፍራሹ ስር ወጥቷል። ባለፈው ሐሙስ ከኮምቦልቻ ባዘቶ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ሳቡት፣ ወደ ፀሐይ አነሱት፣ አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ጥጥ ነው ወይስ የፍራሽ ሆድ?»

በዚህ ሰኞ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሰኞ ገበያ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ።